የማር ጉንዳኑን ሳልስል ነጥቡን እንዴት እንደተለማመድኩ

የአውስትራሊያ በረሃ አቦርጂናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ሠዓሊዎች የሚሠሩትን የነጥብ ሥዕል ማየቱ ብቻ ስላልበቃኝ በእጄ ሞከርኩት። ሥዕላቸውን ለመቅዳት አልነበረም። አንድ ሰሌዳ በነጥብ ሲሞላ እጅና ቀለም ምን እንደሚሆኑ ማወቅ ፈልጌ ነው።

መነሻዬ ፓፑኒያ የምትባለው የበረሃ መንደር ናት። በአውስትራሊያ መሐል ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1971 የመንደሯ ሽማግሌዎች የማር ጉንዳንን ታሪክ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣሉ። መምህሩ ጄፍሪ ባርደን አበረታታቸው፤ ከዋናዎቹ ሠዓሊዎች አንዱ ካፓ ቻምፒቺንፓ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሠዓሊዎቹ ፓፑኒያ ቱላ የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። እነዚህ ምልክቶች ቀድሞ በአብዛኛው የሚሠሩት በሥርዓት ጊዜ በአሸዋና በገላ ላይ ነበር።

የማር ጉንዳን ከመሬት በታች ባለው ጎጆው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩ ሠራተኞች አሉት። ሆዳቸው በአበባ ወለላ ተነፍቶ የወይን ፍሬ ያክላል። ሴቶች ሙልጋ የሚባለው ዛፍ ሥር ቆፍረው ያወጧቸዋል፤ ጉንዳኑን በጭንቅላቱ በኩል ይዞ ማሩን መምጠጥ ነው። ሥዕሉ ግን ስለ ምግብ ብቻ አይደለም። በምዕራብ በረሃ ቋንቋዎች ቹኩርፓ፣ በዋርልፒሪ ሕዝብ ቋንቋ ደግሞ ጁኩርፓ የሚባለውን ነገር እንግሊዝኛው ከህልም ጋር አገናኝቶ ስለተረጎመው እኛም «ህልም» ማለት ይቀናናል። አያስኬድም። የጥንት አባቶች በእንስሳና በሰው መልክ ምድሪቱን እየዞሩ ተራራውን፣ ውኃውንና ሕጉን የሠሩበት፣ ዛሬም ያላለፈ ዘመን ነው። ጉንዳኑ የተጓዘበት መንገድና ያረፈበት ቦታ በስም ይታወቃል፤ ፓፑኒያ ራሷ ያለችው በዚያ ቦታ ላይ ነው።

ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ «ርስት» በሚለው ቃላችን በኩል ነው። በዋርልፒሪ ዘንድ ታሪኩን በአባት በኩል የወረሱት ኪርዳ ይባላሉ። በእናታቸው በኩል የሚዛመዱት ኩርዱንጉርሉ ደግሞ ሥርዓቱና ሥዕሉ በአግባቡ መሠራቱን ይጠብቃሉ። ታሪኩን የሚስለው መብት ያለው ሰው ነው። እኔ የለኝም፤ ስለዚህ ጉንዳንም፣ ኢሙም (ሰጎን የሚመስለው ወፍ)፣ ካንጋሮም፣ የጉዞ መንገድም አልሣልኩም። ሰሌዳዬ ላይ ያለው የነጥብ መደዳ ብቻ ነው።

ሰሌዳው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ጄሶ የሚባለውን የሥዕል መደብ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በሙከራዬ መጀመሪያ ጄሶውን ዘልዬው ነበር፤ ባዶው እንጨት የቀለሙን ውኃ መጠጠውና ነጥቦቹ መሐላቸው ሰመጠ። ከጄሶው በላይ ቀይ ቡናማ አክሪሊክ ቀባሁና 24 ሰዓት ጠበቅሁ። ሳይደርቅ ከተጀመረ ነጥብ የሚጣልበት እንጨት መደቡን ይልጣል።

የነጥብ መሣሪያዬ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጥብስ እንጨት ነው፤ ሹል ጫፉን ቆርጬ ጠፍጣፋ እስኪሆን ሞረድኩት። ስቴኪኒ በጣም ቀጭን ነው፤ የጆሮ ኩክ ማውጫ ደግሞ ጥጡ ቀለም ይጠጣና ነጥቡ ጠርዙ ይንቦጫረቃል። ቀለሙ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ማለት አለበት። ሲቀጥን ነጥቡ ይንጣለላል፤ ሲወፍር እንጨቱ ሲነሣ ጭራ ያወጣል። ውኃ በጠብታ እየጨመርኩ በወረቀት ላይ 10 ነጥብ ካልሞከርኩ ወደ ሰሌዳው አልሄድም።

አጥብቆ መጫን ትልቁ ስሕተት ነው። ቀለሙ ወደ ዳር ይገፋና ነጥቡ ቀለበት ይሆናል። እንጨቱን ቀጥ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቀጥ አድርጎ ማንሣት ነው። በአንድ ማጥለቅ አንድ ነጥብ ብቻ ከተጣለ ነጥቦቹ እኩል ይወጣሉ፤ አራት ከተጣሉ እያነሱ ይሄዳሉ። በየ15 ነጥቡ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ካልተጠረገ የደረቀው ቀለም ተጋግሮ ነጥቡን ያሰፋዋል። እርጥብ ነጥቦች ከተነካኩ ስለሚዋሐዱ አንድ መደዳ ዘልዬ እሠራለሁ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ ዘለልኩት እመለሳለሁ። ቢጫው ሥሩ ያለውን ቀይ ቡናማ መደብ ስለሚያሳይ መጀመሪያ ነጭ ነጥብ፣ ሲደርቅ በላዩ ቢጫ ማድረግ ግድ ሆነብኝ።

በነጥቦቹ መሐል ያለው ርቀት ከእምብርት እስከ እምብርት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰሌዳው ከ4,300 በላይ ነጥብ ይይዛል። በደቂቃ 20 ብጥል እንኳ ከሦስት ሰዓት ተኩል ያላነሰ ያልተቋረጠ ሥራ ነው። ሰሌዳውን ማቆሚያ ላይ ማቆም አያዋጣም፤ እጅ ይዝላል፣ ቀለሙም ወደ ታች ይፈሳል። በረሃው ውስጥ ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ በዙሪያው ተቀምጠው ይስሉታል። እኔም መሬት ላይ አድርጌ እየዞርኩ ስሠራ ብዙዎቹ ሥዕሎች ለምን ላይና ታች እንደሌላቸው ገባኝ።

ነጥቡ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ የፓፑኒያ ሰሌዳዎች ላይ ለሁሉም ሰው መታየት የማይገባቸው ነገሮች ወጥተው ብርቱ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነጥቡ ምስጢሩን መሸፈኛም ሆነ። የ«ዩ» ፊደል የሚመስለው ቅርጽ የተቀመጠ ሰው፣ ባለ ሦስት ጣት ዱካው ኢሙ፣ እርስ በርስ የተከበበው ክብ ውኃ ወይም ሰፈር ነው የሚሉ ሰንጠረዦች አሉ። አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን አንዱ ክብ በአንዱ ሥዕል ውኃ፣ በሌላው እሳት፣ በሌላው የጉንዳን ጉድጓድ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ባለ ታሪኩ ነው።

ሳያስፈቅዱ መቅዳት ያስከተለውን ከሰሜኑ፣ ከአርንሄም ላንድ፣ እንይ። የዴቪድ ማላንጊ የዛፍ ልጥ ሥዕል እሱ ሳያውቅ እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የአውስትራሊያ የአንድ ዶላር ኖት ላይ ታተመ፤ 1,000 ዶላርና ሜዳይ የተሰጠው በኋላ ነው። የጆኒ ቡሉን ቡሉንን የዝይና የውኃ አበባ ሥዕል አንድ ኩባንያ በጨርቅ ላይ አትሞት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳኛው ሠዓሊው ለጎሣው፣ ለጋናልቢንጉ ሕዝብ፣ የአደራ ግዴታ እንዳለበት ተናገሩ። «አደራ» የሚለው ቃላችን ለዚህ የተሠፋ ይመስለኛል፤ ሠዓሊው ራሱ እንኳ ብቻውን አያዝበትም።

ሰሌዳዬ ሲደርቅ ሁለት ቀን አቆይቼ ውኃ መሠረት ያለውን ቫርኒሽ በለስላሳ ብሩሽ ስስ አድርጌ ቀባሁት። በጀርባው ቀኑን፣ የቀለሞቹን ዓይነትና «የነጥብ ልምምድ» የሚል ጽሑፍ ጻፍኩ። «አቦርጂናል ሥዕል» ብዬ አልጻፍኩበትም።