ማንም አልሞተም

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! የ2017ን ገና ያከበርነው በአዲስ ቤት፣ በአዲስ ሰፈር፣ ገላን ጉራ ነው። ለዘመድ አዝማድ ሁሉ እየደወልኩ ላወራው ብል ካርዱም ጉልበቱም አይበቃኝም። እግዚአብሔር ያደረገልንን አፍኖ መያዝ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ዓመቱ ቤታችንን ገለባብጦታል። አባዬ ጡረታ ወጣ። ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት ቀየረ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ እኛም ተነሳን። እማዬ ሁላችንንም ወልዳ ያሳደገችው እዚያ ነው። የእንጀራ ደንበኞቿም እዚያው ነበሩ። ጎረቤቱ ተበታተነ። አንዳንዱ ከእኛ ጋር መጣ፣ አንዳንዱ ሌላ ሳይት ደረሰው፣ ተከራዩ ደግሞ ኪራይ ወደቀናው ሄደ። ቤቱን አላማርርም። የራሱ መጸዳጃ አለው፤ ድሮ ከስንት አባወራ ጋር ነበር የምንጋራው። መንገዱ ግን ያደክማል። እማዬ በወር በወር በ22 ኡራኤል ለማስቀደስ ገና ሳይነጋ ነው ከቤት የምትወጣው።

ይህ ሁሉ ግን የእህቴን ነገር አያህልም።

እህቴ ሊባኖስ ነበረች። ደቡቡ ውስጥ፣ ጢሮስ አጠገብ፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ደውላ ከእማዬ ጋር ሲሳሳቁ አመሹ። መስከረም 13 ደቡብ ሊባኖስ በቦምብ ሲደበደብ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ ጠፋ። ማዳሟ ጋ ስንደውል ይጠራል፣ አይነሳም። ቆይቶ መጥራቱንም ተወ። በቴሌቪዥን የፈረሰ ፎቅ በታየ ቁጥር አባዬ ቻናል ይቀይራል፣ እማዬ መልሺው ትለኛለች።

ማታ ማታ ሁሉ ሲተኛ እማዬ ስትጸልይ እሰማታለሁ። ማቴዎስ ምዕራፍ 15 ላይ አንዲት ከነናዊት እናት አለች። ጌታ ወደ ጢሮስና ሲዶና አገር በሄደ ጊዜ ስለ ልጇ እየጮኸች ተከትላ የለመነችው። እማዬ እሷን ይዛ ቀረች። «ጌታዬ፣ አገሩን እኮ ታውቀዋለህ» ትላለች። «በእግርህ ሄደህበታል። እዚያው ስለ ልጇ የለመነችህን ሰምተሃል። እኔም ፍርፋሪው ይበቃኛል።» ለኡራኤልም ጥላ ተሳለች።

ዕቃ በጫንን ቀን የቤቱን ስልክ በእጇ ነቅላ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ እቅፏ ውስጥ አድርጋ መኪናው ላይ ወጣች። መስመሩ እንደማይከተለን ታውቃለች። «ልጄ በቃሏ የምታውቀው ይሄን ብቻ ነው» አለች። እውነቷን ነበር። የእኛ ሞባይል ሁሉ የተመዘገበው እህቴ ስልክ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ማን ቁጥር በቃሉ ይይዛል?

አንድ ነገር ግን ከካዛንቺስ ጋር አልፈረሰም፤ ዕድራችን። ወርሃዊውን መዋጮ በቴሌብር ለጸሐፊው መላክ ቀጠልን። አዲሷ ጎረቤታችን «ለፈረሰ ሰፈር ምን ዕድር አለው?» ብትላት እማዬ «ሰዉ መቼ ፈረሰ» አለቻት።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት እማዬ ምጣድ ላይ ናት። ስልኳ ጠራ። አየሁት፣ የዕድሩ ጸሐፊ። የዕድር ሰው በጠዋት ሲደውል ለምን እንደሆነ የታወቀ ነው። እማዬ አክንባሎውን ጥላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ገና «ሄሎ» ሳትል። «ማን ሞተ?» አለች። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ኧረ ማንም አልሞተም! ልጅሽ ደወለችልኝ። ቤሩት ናት፣ ደህና ናት።»

እማዬ እዚያው ምጣዱ አጠገብ ቁጭ አለች። ከዚያ የወጣው እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ያልተለዋወጥናቸው ሰዎች ምኑንም ሳያውቁ አብረውን እልል አሉ። እንጀራው አሮ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ድብደባው ሲበረታ አሠሪዎቿ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። እሷን «እንመለሳለን» ብለው በሩን ከውጭ ቆለፉባት። ፓስፖርቷም ስልኳም እነሱ ጋ ነው። የሕንፃው ዘበኛ፣ አንድ ሶሪያዊ ሽማግሌ፣ ጩኸቷን ሰምተው ቁልፉን ሰብረው አወጧት። ስማቸውን እንኳ አታውቅም። እማዬ በየጸሎቷ «ያ ሽማግሌ» እያለች ታነሳቸዋለች። እህቴ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ተጭና በሲዶና በኩል ቤሩት ገባች። ውጭ ያደረችበት ሌሊት አለ። በኋላ የሐበሻ ልጆች አግኝተዋት በጎ ፈቃደኞች ወዳዘጋጁት መጠለያ ወሰዷት። በሰው ስልክ የቤታችንን ቁጥር ሞከረች፤ መልስ የለም። ደጋግማ ሞከረች። ቤታችን መፍረሱን በምን ታውቃለች?

ከዚያ የዕድሩ ካርድ ትዝ አላት። ልጅ ሆና በየወሩ መዋጮውን የምታደርሰው እሷ ነበረች። የጸሐፊው ስልክ ካርዱ አናት ላይ በማኅተም ተመትቷል። መጨረሻዋ ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች እየቀያየረች አንድ ሁለት የማታውቀው ሰው ጋ ከደወለች በኋላ እሳቸው አነሱ። ሌላ ሰው አጋጣሚ ይበለው። እኛ ቤት እንደዚያ አይባልም።

ኅዳር 18 ተኩስ አቁሙ ጸና። ፓስፖርቱ እንደጠፋ ስለቀረ በሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ምትክ በሚሰጠው የጉዞ ወረቀት፣ ወጣች። ቦሌ የገባችው ገና ሊደርስ ሲል ነው፣ በአንዲት ፌስታል። ያልተከፈላት ደመወዝ እዚያው ቀርቷል። አሁንም አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ከእንቅልፏ ትነሳለች፤ እሱንም በጸሎት ይዘነዋል። የሚገርመው ደላላ ካሁኑ «ዱባይ አለልሽ» እያለ መደወል ጀምሯል። ስልኩን አባዬ ነው የሚያነሳው። ምን እንደሚመልስለት እዚህ አይጻፍም።

በገና ዕለት ብሎኩ ቅርጫ ገባ፤ እኛም አንድ መደብ ደረሰን። ዶሮውን እህቴ ሠራችው። የእማዬ እንጀራም አዲስ ደንበኛ እያገኘ ነው፣ በእልልታው ቀን የመጡት ናቸው ቀዳሚዎቹ። እህቴ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሁላችንንም ደርድራ የሁለት ሁለት ሰው ስልክ በቃል አስጠናችን። አባዬ እስካሁን መጨረሻው ላይ ይሳሳታል።

ስለቱን ጥር 22፣ ለኡራኤል ንግሥ እናስገባለን። የድሮ ሰፈራችን ሰዎች የት እንደደረሳችሁ ባላውቅም ያን ቀን እንገናኛለን። እማዬ ጥላውን ይዛ ስትገባ እልል በሉልን።