ለረቂቁ መመሪያ መልስ ያዘጋጀነው በዚህ መንገድ ነው

በቤት ስለሚያዙ ያልተለመዱ እንስሳት የወጣው ረቂቅ መመሪያ በቀቀንን ሁሉ በአንድ ቃል ይከለክል ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ወፍ የምናረባ ሰዎች ተሰባሰብን። አብዛኞቹ ወዲያው ረቂቁን ወዳወጣው ቢሮ ሄደን አቤት እንበል አሉ። እኔ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ሳናነብ መሄድ የለብንም ብዬ ጸናሁ። ስናነብ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀው አገኘን፤ የወፎቹ ምንጭ፣ የሰው ጤናና የማኖሪያው ቦታ።

ብዙ የደከምኩት በምንጩ ላይ ነው። እኛ የምናረባቸው ባጂና ኮካቲየል የተባሉት የበቀቀን ዓይነቶች የትውልድ አገራቸው አውስትራሊያ ቢሆንም ለብዙ ትውልድ በሰው እጅ ተዋልደው የቆዩ ናቸው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይትስ፣ የበቀቀን ዝርያዎችን በሙሉ ማለት ይቻላል በቁጥጥር ዝርዝሩ ሲያስገባ አራት ብቻ ትቷል፤ እነዚህ ሁለቱ ከአራቱ ውስጥ ናቸው። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ግን በዚሁ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ጥብቅ ጥበቃ በሚደረግለት በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ዓለም የለያቸውን አንድ ላይ መጨፍለቅ ትክክል አይደለም ብለን በመልስ ደብዳቤያችን ጻፍን።

ከባዱ ነገር ከራሳችን ሰዎች ጋር መነጋገር ነበር። አንድ አዛውንት ከጫካ የተያዙ ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ነበሯቸው፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖሩት፣ ክንፋቸው ጥቁር የሆነው። «ጋሼ፣ ለእነዚህ ልንከራከርልዎት አንችልም» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከልጆች ወንጭፍ ነው ያዳንኳቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። ከጫካ ለሚያዘውም ወፍ አብረን ብንከራከር ኖሮ በቤት የተፈለፈሉትም አይድኑም ነበር። እሳቸው ቅር ተሰኝተው ከእኛ ተለዩ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በጤናው ጉዳይ ረቂቁ ልክ ነበር። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፈው ሲታኮሲስ የተባለው በሽታ ከደረቀ ኩስ በሚነሣ ብናኝ ይተነፈሳል፤ ትኩሳትና ሳል ያስከትላል፤ እስከ ሳንባ ምች ይደርሳል። ይህን ሳንሸሽግ አዲስ የመጣ ወፍ ቢያንስ 30 ቀን ተለይቶ ይቆይ፣ ጎጆው በደረቁ ሳይጠረግ ረጥቦ ይጽዳ የሚል ድንጋጌ እንዲጨመር ራሳችን ጠየቅን።

ወፎቹ ከመኖሪያ ቤት ውጭ በዳስ ይኑሩ የሚለው አንቀጽ የኮምቦልቻ ጓደኞቻችንን ብዙም አላስጨነቃቸውም። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳን ተራራ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ግቢ ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቅለን፣ ልኩን መዝግበን ከደብዳቤው ጋር አያያዝን። ከክርክሮቻችን ሁሉ ይበልጥ የሠራው ይህ ነው፤ አንቀጹን ያረቀቁት ሰዎች ወፎቹ በብርድ እንደሚሞቱ አላሰቡትም ነበር።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ለእያንዳንዱ ነጥብ የአንቀጹን ቁጥር፣ ችግሩንና በምትኩ ቢጻፍ የምንለውን ዐረፍተ ነገር አስቀመጥን። መመሪያ ከመጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ የሚያዝዘውን አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ጠቀስን፤ በቀጥታ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ቢሆንም መንፈሱ ለሁሉም ይሠራል።

ወፎቹ በዳስ ይኑሩ የሚለው አንቀጽ ተሰረዘ። ጠቅላላው ክልከላም ምንጩን ማስረዳት በሚችል ሰው ምዝገባ ተተካ። የጠየቅነው የአንድ ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ግን ተከለከለ። ይህን አሁንም እቃወማለሁ፤ የተጣደፈ ሰው ወፉን ሜዳ ላይ ይለቀዋል፣ የተለቀቀውም በረሃብና በብርድ ያልቃል።

ለምዝገባው ከሁሉ የሚጠቅመው ማስረጃ ድፍኑ፣ መክፈቻ የሌለው የእግር ቀለበት ነው። ጫጩቷ ገና የቀናት ዕድሜ ሳላት ካልሆነ አይገባም፤ ስለዚህ ከዱር በተያዘ ትልቅ ወፍ እግር ላይ ማጥለቅ አይቻልም። በዚህ ወቅት የምታስፈለፍሉ ሁሉ ቀለበቱን አሁኑኑ አዘጋጁ፤ የተፈለፈለችበትን ቀንና የወላጆቿን የቀለበት ቁጥርም በደብተር ጻፉ።