38 ፋይል እና አንዲት ሐረግ

የመጀመሪያ ሪሚክሴን የሠራሁት ለውድድር ነበር። ሪሚክስ ማለት ያለን ዘፈን ወስዶ በሌላ መልክ እንደገና መሥራት ነው። አዘጋጆቹ የአንድ ዳንስ ዘፈን ስቴሞችን ለቀቁ። ስቴም ማለት የዘፈኑ ክፍሎች ለየብቻቸው የሚቀመጡበት ፋይል ነው፤ ኪኩ (ዱም የሚለው የከበሮ ምት) ለብቻው፣ ቤዙ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ለብቻው፣ ድምፃዊቷ ለብቻዋ። ዚፑን ስፈታው 38 ፋይል ወጣ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ሠራሁና ለጓደኛዬ ላክሁለት። አንዴ ሰምቶ «ኪኩን ጨመርከው እንዴ?» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። ልክ ነበር። ሦስት ሌሊት ፈጅቼ ያንኑ ዘፈን በትልቅ ኪክ መልሼ ሠርቼዋለሁ።

ስህተቴ ቆይቶ ነው የገባኝ። እነዚያ 38 ፋይሎች የተሠሩት እርስ በርስ እንዲገጥሙ ነው። አንድ ላይ ከደረደራችኋቸው ወደ ድሮው ዘፈን ይጎትቷችኋል። ስለዚህ አሁን ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ዘፈኑን ሁለት ሦስቴ ሰምቼ እተወዋለሁ። ወደ ሌላ ሥራዬ እሄዳለሁ። በማግስቱ ዕቃ ሳጥብ ሳይታወቀኝ የማንጎራጉረው ነገር ይኖራል። የምይዘው እሱን ነው። አንዳንዴ ግማሽ ስንኝ ነው፣ አንዳንዴ አራት ኖታ ያላት የሲንት (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ዜማ። የቀረው ሁሉ ይዘጋል። አይሰረዝም፤ ኋላ ላይ አንዷን ድምፅ ለቅመም ልትፈልጓት ትችላላችሁ።

ከዚያ ዘፈን አፌ ላይ የቀረችው የአዝማቹ መጨረሻ ነበረች። አምስት ቃል፣ ሁለት ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው) እንኳ የማትሞላ። እሷን ብቻ አስቀርቼ እንደገና ጀመርኩ።

ወዲያው ቴምፖው ጉድ አደረገኝ። ዘፈኑ 98 ቢፒኤም (በደቂቃ 98 ምት) ነው፤ እኔ ደግሞ ሃውስ የሚባለውን የዳንስ ሙዚቃ ነው የፈለግሁት፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 130 ባለው ውስጥ ይሄዳል። 124 ላይ አደረግሁት። ድምፁ ወደ 27 በመቶ ያህል መፍጠን ነበረበት ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ድምፁን ሳያቀጥን ማፍጠን ይችላል፣ ግን ይህን ያህል ስትገፉት ቃላቱ ይታኘካሉ። (ቃናውን ሳይጠብቅ በቀጥታ ቢያፈጥነው ደግሞ በየ6 በመቶው ወደ ግማሽ ቶን ከፍ ይላል። አስቡት፣ ዘፋኟ ጫጩት ልትሆን ነው።) መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሐረጉን በየቃሉ ቆረጥኩት። እያንዳንዱን ቃል ሳልነካው፣ ሳልለጥጠው፣ አዲሱ ቢት ላይ የሚወድቅበትን ቦታ በጆሮዬ ፈልጌ አስቀመጥኩት። አምስቱ ቃላት በራሳቸው አዲስ ምት አወጡ።

ሌላም መንገድ አለ። እጥፉን ወይም ግማሹን አስቡ። በ87 የተዘፈነ ድምፅ ድራም ኤንድ ቤዝ በሚባለው ፈጣን ሙዚቃ የ174 ቢት ላይ ምንም ሳይነካ ይቀመጣል።

አሁን በጣም የምወደው ላይ ደረስን፤ ኮርዱን (ከዜማው ሥር አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) መቀየር። ድምፁን ሳትነኩ ስሜቱን የምትቀይሩት እዚህ ጋ ነው። ዘፋኟ ኤ ኖታን ይዛ ትቆያለች እንበል። ከሥሯ ኤ ማይነር ካለ ኖታዋ መሠረቱ ናት። ኤፍ ሜጀር ብታደርጉበት ሦስተኛው ትሆናለች፣ ዲ ማይነር ብታደርጉበት አምስተኛው። ያው ድምፅ፣ ያው ቃል፣ ግን አንዱ ጋ የተሰበረች ትመስላለች፣ ሌላው ጋ ተስፋ ያላት። እኔ የመጀመሪያውን ኮርድ በኤፍ ሜጀር ስተካው ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ቲዎሪ አልተማርኩም፤ ከድምፁ ሥር አንድ አንድ ኮርድ እየነካሁ ነው ያገኘሁት።

አንድ ጅል ስህተቴንም ልንገራችሁ። ስቴሞቹ ሁሉ የሚጀምሩት ከዘፈኑ መነሻ ነው። ስለዚህ የድምፁ ፋይል መጀመሪያ ላይ ረጅም ዝምታ አለው። እኔ «ላጽዳው» ብዬ ዝምታውን ቆረጥኩት። ቃላቱ ከዋናው ምት ጋር የት ይገጥሙ እንደነበር ጠፋኝ፤ ግማሽ ቀን በላብኝ። መጀመሪያ ሁሉንም ከዜሮ አሰልፉ፣ ከዚያ ቁረጡ።

ስቴም ከሌላችሁ እንደ ዴሙክስ ያሉ ድምፅን ከሙዚቃው የሚለዩ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። የሚወጣው ግን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይሆንም፤ ከድምፁ ጀርባ የሃይ-ሃት (ቺስ ቺስ የሚለው የድራም ሳህን) ትርፍራፊ ይሰማል። የራሳችሁን ሃይ-ሃት እዚያው ላይ ስታደርጉበት አብዛኛው ይሸፈናል። ለሕዝብ ለመልቀቅ ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያውም ሁለት፣ ከቅጂው ባለመብትና ከድርሰቱ ባለመብት። በክሪኤቲቭ ኮመንስ (ባለቤቱ አስቀድሞ ለሁሉም በሚሰጠው ፈቃድ) የተለቀቀ ሥራም ቢሆን ፈቃዱ ላይ «ኤንዲ» (ቀይሮ ማጋራት አይቻልም) የሚል ካያችሁ ሪሚክሱን ማጋራት አትችሉም። ውድድር ለጀማሪ የሚመቸው ለዚህ ነው፤ የፈቃዱ ጣጣ አስቀድሞ ያልቃል። ደንቡን ግን አንብቡት።

ስለ ሚክስ ብዙ አልልም። ኪኩና ቤዙ እንዳይጣሉ ኪኩ ሲመታ ቤዙን በሳይድቼይን (አንዱ ድምፅ ሲመጣ ሌላውን በራሱ በሚያሳንሰው ዘዴ) ዝቅ አድርጉት። ከድምፁ ሥር ያለውን የማያስፈልግ ጉርምርምታ ቁረጡ። ይኼው ነው። የድሮውን ቤዝና የእናንተን ቤዝ አንድ ላይ ማስጮህ ግን በጭራሽ አይሆንም።

አደረጃጀቱ ላይ ትዕግሥት አጥሮኝ ነበር። በ124 ቢፒኤም 16 ባር ማለት 31 ሰከንድ አካባቢ ነው። ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ስትሰሙት ዘላለም ይመስላል፤ ለሚጨፍር ሰው ግን ምንም አይደለም። ዲጄውም ከሌላ ዘፈን ጋር የሚያገናኝበት ባዶ የድራም መግቢያ ይፈልጋል። እኔ ያቺን ሐረግ በአሥረኛው ሰከንድ አስገብቻት ነበር፣ ቸኩዬ። ወደ ሁለተኛው ደቂቃ ገፋኋት።

ማስገቢያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ለዚያው ጓደኛዬ ላክሁለት። እየሰማ በስልክ አብሬው ነበርኩ። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። «የማን ዘፈን ነው ይሄ?» አለ። ሐረጓ ስትገባ «እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ውድድሩን አላሸነፍኩም። ዛሬ ስሰማው ሃይ-ሃቱ ይጮሃል።