ስለቴን ላድርስ

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ቁልቢ ሩቅ ነበር፤ «ካወጣኸኝ ለሰው እመሰክራለሁ» ብዬ ነው ቅዱስ ገብርኤልን የተሳልኩት። ዘግይቻለሁ፤ ይኸው።

የምኖረው አሜሪካ ነው፤ የመለኪያ መሣሪያ እጠግናለሁ። ይኸው ሥራ አንታርክቲካ ወሰደኝ። ከማክመርዶ የምርምር ጣቢያ ተነስተን ሮስ በሚባለው የበረዶ ንጣፍ ላይ ድንኳን ተከልን። ንጣፉ ፈረንሳይን ያህላል፤ ከሥሩ ባሕር ነው። 3 ነበርን፦ ተመራማሪዋ አለቃችን፣ አንድ ተማሪና እኔ። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበር። እዚያ ብርድ ላይ ቅቤና ቸኮሌት እንደ መድኃኒት ነው የሚበላው። እኔ በኦቾሎኒና በሩዝ ገፋሁት፤ ተማሪው ይስቅብኛል።

ታኅሣሥ 18 ማታ አውሎ ነፋስ ተነሳ። ማታ ማለቴ ለወጉ ነው፤ በዚያ ወር ፀሐይ አትጠልቅም። በነጋታው፣ በገብርኤል ዕለት፣ የምድጃው ነዳጅ አለቀ። ምድጃ ከሌለ በረዶ አይቀልጥም፣ ውሃ የለም። ትርፉ ጀሪካን ውጭ ጋሪው ላይ ነው፤ ቢበዛ 15 እርምጃ። አለቃዬ «ገመድ እሰር» አለችኝ። «ለ15 እርምጃ?» ብዬ ወጣሁ። ጅል!

ጀሪካኑን አገኘሁ። ዞር ስል ድንኳኑ የለም። ሰማይና መሬቱ አንድ ነጭ ሆኗል፤ የገዛ ጫማዬ አይታየኝም። ብጮህ ነፋሱ ድምፄን ከአፌ ላይ ይነጥቀዋል። ጥቂት ሄድኩ፣ የለም። ተመለስኩ፣ ጋሪውም የለም። ጣቶቼ ደነዘዙ። ተንበረከክሁ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

ሠለስቱ ደቂቅ እቶን ውስጥ ሆነው ውርጩንና አመዳዩን «እግዚአብሔርን አመስግኑ» ይሉታል። ልጅ ሳለሁ ግራ ይገባኝ ነበር፤ እሳት ውስጥ ያለ ሰው ስለ ውርጭ ምን አገባው? እዚያ ተቀምጬ ገባኝ። «ይሄ በረዶም ያንተው ነው» አልኩ። ቀጥዬ ተሳልኩ።

ነፋሱ አልቆመም። ለአፍታ ግን ሳሳ። ቀይ ጨርቅ ሲውለበለብ አየሁ፤ በሩ አጠገብ በቀርከሃ የተከልነው ባንዲራ ነው። ድንኳኑ 6 እርምጃ ብቻ ይርቀኝ ነበር፣ ያውም ከጀርባዬ።

አለቃዬ እጄን እያሸች «ነፋስ አንዳንዴ ይሳሳል» አለች። እውነቷን ነው፤ አልተከራከርኳትም። ራሷ ግን የአንታርክቲካ አሳሹን የሻክልተንን ታሪክ አነሳች። እ.ኤ.አ. በ1916 ከ2 ጓደኞቹ ጋር የደቡብ ጆርጂያ ደሴትን ተራሮች በ36 ሰዓት ሲያቋርጥ፣ አራተኛ ሰው አብሯቸው የሚሄድ መስሎት ነበር አሉ። እኔም 3 ልጆች እሳት ውስጥ ተጥለው ንጉሡ 4 ሰው ማየቱን ነገርኳት። ዝም አለች።

የቀኝ ትንሽ ጣቴ ጫፍ እስከ ዛሬ ይደነዝዛል። ጀሪካኑን ግን አልጣልኩትም፤ ሻይ አፍልተን ጠጣን።