ኬጂው «ወረቀት አምጪ» ሲላችሁ

ልጃችሁን ድምፅ፣ ልብስ ወይም ምግብ አልስማማ እያለው የምትጨነቁ የድሬ እናቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው። ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ እንባ ይቀርልኝ ነበር።

ልጄ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ቁጭ ይላል። ፀጉሩን በቶንዶስ ማስተካከል አይታሰብም። እንዲህ ሆኖ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሶፋ ላይ እየዘለለ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አይሰለቸውም። ጆሮውን አስመረመርን፤ ደህና ነው። የሕፃናት ሐኪም አየው፤ ኦቲዝም የለበትም ተባለ። እስከዚህ ምንም አልከበደም።

ያቃጠለኝ ኬጂው ነው። ዳይሬክተሯ የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ ምንም አናደርግለትም አሉኝ። በእጄ ያለውን ወሰድኩላቸው። «የመስማት ችሎታው ጤናማ ነው» ይላል። ወረቀቱን አንብበው መልሰው ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና «ይኸው ሐኪሙም ጤነኛ ነው ብሏል። አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» አሉኝ። ልጄን ይረዳዋል ብዬ የወሰድኩት ወረቀት መክሰሻው ሆነ! ከዚያ በኋላ በሰልፍ ሰዓት ከድምፅ ማጉያው ሲሸሽ «ጤነኛ ሆኖ ነው የሚያምፅ» እያሉ በር ላይ ያቆሙት ጀመር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሌላ ወረቀት ልለምን ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ፤ እሱ ደግሞ የማላውቀውን የበሽታ ስም አልጽፍም አለኝ።

ነገሩ የገባኝ አዲስ አበባ ያገኘኋት ኦኪፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ነገር ለሚከብዳቸው ሰዎች መላ የምትፈልግ ባለሙያ) ስታስረዳኝ ነው። ነገሩ «ሴንሰሪ ፕሮሰሲንግ» የሚባለው፣ አእምሮ ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣውን የማስተናገድ ችግር ነው። ልጁ ድምፅና ንክኪ ይበዛበታል፤ ጡንቻና መገጣጠሚያው ግን ጫና ይፈልጋሉ፤ የሚዘለው ለዚያ ነው። ይህን አስተሳሰብ ያመጡት ጂን አይረስ የተባሉ አሜሪካዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ውስጥ ግን ይህ ችግር ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም፤ ከኦቲዝም ምልክቶች እንደ አንዱ ብቻ ነው የሰፈረው። ስለዚህ የበሽታ ስም ያለበት ወረቀት ብትፈልጉ አታገኙም። ትምህርት ቤት የፈለገውን ይበል፣ እናንተ የምርመራ ውጤት ሳይሆን ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው የሚዘረዝር ደብዳቤ አስጽፉ። የእኔው እንዲህ ይላል፦ ከመንገድ ዳር መስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ በሰልፍ ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቆይ፣ ከትምህርት በፊት ደብተር ተሸክሞ ያድል። መጀመሪያ ለዳይሬክተሯ ሳይሆን ለመምህርቷ ሰጠሁ። በማግስቱ ጀመረችለት፤ እግዜር ይስጣት።

ቤት ውስጥ ጠዋት ግማሽ ጀሪካን ውሃ ከጓሮ እስከ ኩሽና ያመላልሳል። ቴራፒስቷ በጋቢ ጠበቅ አድርጊና ጠቅልዪው ብላ ነበር፤ በድሬ ሙቀት ጋቢ የማይሆን ነው፣ በአባቱ ሽርጥ ነው የምጠቀልለው፣ ፊቱን ሳልሸፍን፣ በቃኝ ሲል ወዲያው እፈታዋለሁ። ዩኒፎርሙን ደጋግሜ አጥቤ አለሰልሼ፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ምልክት በምላጭ ፈትቼ ነው ያለበስኩት። ሊጥ መንካት የጀመረው ከደረቅ ማሽላ ተነስቶ በእሱ ፍጥነት ነው። «እጁን ይዘሽ አስነኪው፣ ይለምዳል» የሚሏችሁን አትስሙ፤ ሲገደድ ይብስበታል። ፈጽሞ ይድናል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁንም አትመኑ። የእኔ ልጅ አልተለወጠም፣ ቀኑ ግን ቀሎለታል፤ ያ ለእኔ ትልቅ ኩራት ነው። ቶንዶሱ እስካሁን አልተቻለም፣ በመቀስ ነው የምቆርጥለት።

ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ልጁ ቤትና ገበያ ውስጥ ሲጨነቅ በስልክ ቀርጻችሁ ያዙ፤ ክሊኒክ ሲገባ ጭምት ሆኖ ያሳፍራችኋል።