የታንኳ ሠሪዎችን ቃል ስሰበስብ ከሌስላው የተዋስኩት

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አዛውንቶች ጋ ሄጄ የክፍሉን፣ የአስተሳሰሩንና የቀዘፋውን ቃል ለመሰብሰብ ስነሳ አካሄዱን የተዋስኩት የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ካጠናው ምሁር ከቮልፍ ሌስላው ነው። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1906 ፖላንድ ተወለደ፤ ፓሪስ ላይ ከቋንቋ ምሁሩ ከማርሴል ኮኸን ተማረ፤ ከናዚዎች አምልጦ አሜሪካ ገባ፤ ከ1955 ጀምሮም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ለጎጃም ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጎጃም ውስጥ ይነገር በነበረው በጠፋው የጋፋት ቋንቋ ላይ የሠራው ነው። መጀመሪያ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሳለ ካስጻፈው ጽሑፍ ተነስቶ በ1945 አሳተመ። ከዚያ ራሱ ጎጃም ድረስ መጥቶ ቢፈልግ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ከአራቱ የሰማውን ይዞ በ1956 የጋፋትን ሰዋስው አወጣ። እኔ የምጠይቀው አማርኛ ስለሆነ የእሱ ችግር የለብኝም፤ ሌላ ችግር ግን አለ፤ የማውቀው ስለሚመስለኝ አልሰማም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ አጠያየቁ ነበር። «ይህ መቅዘፊያ ይባላል አይደል?» ካልኩ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ ልጄ» ነው፤ ይሉኝታ ነው፣ መረጃ አይደለም። አሁን ዕቃውን በእጄ ይዤ «አባባ፣ ይችን ምን ይሏታል?» ብዬ ዝም እላለሁ። ዝምታው ረዘም ቢል ይሻላል፤ ሁለተኛው ስም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዝምታ በኋላ ነው። «የጥንት ቋንቋችሁን ቃል ንገሩኝ» ማለትም አይረባም። በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ሕዝብ የድሮ ቋንቋ ከጠፋ ቆይቷል፤ እንዲህ ከተጠየቀ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር ቃል ይፈጥራል።

ከባዱ ነገር መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን አያሳየውም። «ዋና» ሲላላ ውኃ ላይ የሚዋኙት ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ዋነኛ። ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ፤ ይህንም እዚያው እየሰማሁ እንጂ ቤት ገብቼ አላደርገውም። ግሥ ከሆነ ደግሞ በአንድ መልክ መጻፍ በቂ አይደለም። «ቀዘፈ» ሲሉ ዘ ይጠብቃል፣ «ፈለገ» ሲሉ ለ ይጠብቃል፤ እስከዚህ አንድ ይመስላሉ። «ይቀዝፋል» ላይ ግን ዝ ይላላል፣ «ይፈልጋል» ላይ ል እንደጠበቀ ይቀራል። ሌስላው በአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ ግሦችን በዓይነት የሚለየው በዚህ ነው። (ያ መጽሐፍ ከ1,000 ገጽ በላይ ነው፤ በ1995 ሲወጣ ዕድሜው 88 ደርሶ ነበር።) እኔ መጀመሪያ «ቀዘፈ» ብቻ ብዬ ስጽፍ ከርሜ፣ ግሦቹን ሁሉ እንደገና መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ለእያንዳንዱ ግሥ አሁን አራት መልክ እወስዳለሁ፦ ቀዘፈ፣ ይቀዝፋል፣ ይቅዘፍ፣ መቅዘፍ።

አንድ ቃል፣ አንድ ካርድ። ካርዱ ላይ ቃሉ፣ ሰውዬው ራሱ የተናገረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የድምፁ ፋይል ቁጥርና የተናጋሪው ቁጥር ይጻፋል፤ ስም አይጻፍም። ፈቃዳቸውን የምጠይቀው መቅረጫው ከተከፈተ በኋላ ነው፣ እሺታው አብሮ እንዲቀረጽ። አንድ ጊዜ ቢበዛ 40 ደቂቃ፤ ከዚያ ካለፈ መልሱ «እንደዚያው ነው» ይሆናል። የሥራ ሰዓታቸውን ስለምወስድ በሰዓት እከፍላለሁ።

ለድምፅ ጥሩው ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። ቆይቶ ነፋሱና የሞተር ጀልባው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ደግሞ ያው የምፈልገው መጥበቅና መላላት ነው። ማይክራፎኑን በስፖንጅ ሸፍኜ ከአፍ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ ወደ ጎን እይዛለሁ። በኤምፒ3 አልቀርጽም፤ ዋቭ ነው፣ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት። ማታ ሁለት ቦታ ይገለበጣል።

አንድ ቃል ወደ ዋናው ሳጥን የሚገባው ሳምንት ቆይቼ ለሌላ ሰው፣ የፊተኛው በሌለበት፣ ያንኑ ዕቃ አሳይቼ ያንኑ ስም ከሰማሁ ብቻ ነው። የተለያየ ከመጣ ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ትክክለኛውን እኔ አልመርጥም። ከደንገሉ አስተሳሰር የመጡ አምስት ካርዶች ሁለተኛ አፍ ስላላገኙ ለብቻቸው በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል።