የወንጭፍ ድንጋይ

ዛሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሻወር ወስጄ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ አሁንም የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ጆሮዬም ዝም አላለም።

ሽማግሌው ቃሉን ጠበቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፍ ሳቀብልበት፣ ቡሎን ሳጠብቅለት የኖርኩትን መኪና ዛሬ እኔን አስቀመጠበት። ፋሞሶ ነው የሄድነው፣ ከቤከርስፊልድ በስተሰሜን ያለው የመኪና ውድድር ሜዳ። ከሎስ አንጀለስ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳን። ተራራውን ተሻግረን ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም።

መኪናው ድራግስተር ነው፣ አጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻ የሚሽቀዳደም፣ ያውም ሞተሩ ከፊት የሆነው የድሮው ዓይነት። ረጅምና ቀጭን፣ ከብረት ቱቦ የተበየደ ነገር። ከፊት የብስክሌት የሚመስሉ ባለ ራጂ ጎማዎች አሉት። ከዚያ ኮፈን የሌለው ሞተር። ከዚያ ግዙፎቹ የኋላ ጎማዎች። ነጂው ደግሞ ከእነሱም ኋላ፣ ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዲፈረንሻሉ፣ የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው፣ በሁለት እግሮችህ መካከል ነው።

ሽማግሌው ቀበቶዬን እያጠበቀ ስለ ታዋቂው የድራግስተር ነጂ ስለ ዶን ጋርሊትስ ነገረኝ። መቶ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፣ ግን ቁጭ ብለህ ስትሰማው ሌላ ነው። በፈረንጆቹ ማርች 8 ቀን 1970፣ ሎንግ ቢች አጠገብ ላየንስ በሚባል ሜዳ፣ ገና ሲነሳ ካምቢዮው ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ጫፍ ቆረጠው። መኪናውም ለሁለት ተከፈለ። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ያሰበው ስለ ቀጣዩ መኪና ነበር። ሞተሩን ከኋላ አድርጎ ሠራና በዓመቱ ፖሞና ላይ አሸነፈበት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተለው። ሞተር ከፊት የቀረው እንደ ሽማግሌው የድሮውን ለሚወዱ ሰዎች ብቻ ነው። እግሬን አየሁት። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ክንዶቼን በማሰሪያው አሰረ፤ መኪናው ቢገለበጥ እጅህ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው።

ነዳጁ ሜታኖል ነው። እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም። ይህን ባላውቅ ይሻል ነበር።

መጀመሪያ 18 ሜትር ብቻ ተወርውሬ እግሬን አነሳሁ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው እስከ ግማሹ፣ 201 ሜትር። ውሃው ላይ ጎማዎቹን አሽከርክሬ አሞቅኳቸው፣ ጭሱ ከበበኝ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ መስመሩ ተጠጋሁ። ከፊቴ የማየው ሞተር ብቻ ነው። መንገዱን የማየው በግራና በቀኝ በኩል፣ በጭላንጭል ነው። የገና ዛፍ የሚሉት የመብራት ምሰሶ ላይ ሁለቱ ትንንሽ መብራቶች በሩ።

እዚያ ጋ፣ ቢጫውን ስጠብቅ፣ አንድ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ይህን ዓይነት መኪና ስሊንግሾት ነው የሚሉት። ነጂው ከጎማዎቹ ጀርባ እንደ ድንጋዩ ስለሚቀመጥ። ሦስት ዓመት ስሰማው ወደ አማርኛ መልሼው አላውቅም ነበር። ወንጭፍ!

አረንጓዴው በራ። ከዚያ በኋላ ያለው 6 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ብዙም አላስታውስም። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። መሪው ቀለለኝ። ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የገባው። እግሬን ሳነሳ፣ የእጅ ፍሬኑን ስስብ፣ የማስበው ስለ አገሬ ስለ ቆቦ ነበር።

የማሽላ ጠባቂ ነበርኩ። ግሪሳ በሚመጣበት ወቅት ገና ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ እወጣለሁ፣ እማዬ ከታች ድንጋይ ታቀብለኛለች። ወንጭፉን አያቴ ነው ከቃጫ የገመደልኝ። አንዱን ጫፍ ጣትህ ላይ ታጠልቀዋለህ፣ ሌላውን ትይዘዋለህ፣ አዙረህ አዙረህ የያዝከውን ትለቃለህ። ድንጋዩ ሲሄድ እሪ ይላል። ከዚያ ግሪሳው እንደ ደመና ብድግ ይልና ማሳው ቀለሙን ይቀይራል። ደስታዬ ያ ነበር። ዓይኔ ወፎቹ ላይ ነው፣ ድንጋዩን ያየ የለም።

የዲቪውን ፎርም የሞላልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ለቲኬቱ በሬ የሸጠችው እማዬ ናት። የሄድኩ ቀን መናኸሪያው ድረስ መጣች። አላለቀሰችም። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። ይኸው 14 ዓመት።

መኪናውን ጭነን ስንመለስ ሽማግሌው ደስ ብሎት ያወራል። መስመሬ ቀጥ ያለ ነበር አለኝ፣ ለቀጣዩ ሙሉውን 402 ሜትር ትሄዳለህ አለኝ። አዎ አዎ እላለሁ። በእውነት ደስ ብሎኛል፣ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነው። ግን ጌች ማታ ደውሎ እንዴት ነበር ሲለኝ ስለ ማሽላ መንገር ጀመርኩ። ዝም ብሎ ሰማኝ። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው።

በዚያ ማማ ላይ ስንት ድንጋይ እንደወረወርኩ እግዚአብሔር ይወቀው። አንዱን እንኳ የት ወደቀ ብዬ ሄጄ አላየሁም። ማሳው ግን በየዓመቱ ይታረስ ነበር፣ ማረሻውም ድንጋይ ሲነካው ትዝ አይለኝም።

እዚህ እኩለ ሌሊት ሆኗል። እዚያ ረፋድ ነው፣ እማዬ ቡና ላይ ትሆናለች። ሁለት ጊዜ ስልኬን አንስቼ አስቀመጥኩት። ስለ መኪናው ልነግራት አይደለም፣ ትደነግጣለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት ነው።

እነዚያን ድንጋዮች ከማሳው ውስጥ ማን ነበር የሚለቅማቸው?